ፊርማው የማን ነው? በፍርድ ቤት ወረቀት ላይ ጥርጣሬ የገባው ሙስሊም ምን ያድርግ?

ቢስሚላሂ አር-ረህማን አር-ረሂም



የዛሬውን ትምህርት በምሳሌ እንጀምር። አንድ አባት ወደ አኺራ ሄዱ እንበል። ከኋላቸው ወንድ ልጅና ሴት ልጅ፣ አንድ መኖሪያ ቤትና አንዲት ሱቅ ቀርተዋል። ለቅሶው አልቆ፣ ሰደቃው ወጥቶ፣ ዘመድ አዝማድ ከተበተነ ከጥቂት ወራት በኋላ ታላቅ ወንድም አንድ ወረቀት ይዞ ይመጣል። ወረቀቱ የፍርድ ቤት ነው። የሟች ወራሽ እርሱ ብቻ መሆኑን ይናገራል። እህት ወረቀቱን ደጋግማ አንብባ «ጋሼ፣ እኔስ የአባቴ ልጅ አይደለሁም እንዴ?» ብትለው «እኔ ምን ላድርግ እህቴ፣ የፈረመው ዳኛው ነው» ይላታል።

ግራ የገባት እህት ወረቀቱን ይዛ ጎረቤት ታማክራለች። አንደኛው ጎረቤት ግርጌውን ተመልክቶ «እስቲ ፊርማው የታለ? ‹የማይነበብ የዳኛ ፊርማ አለበት› ነው የሚለው። ይህ የሰፈር ጽሑፍ ቤት ሥራ ነው፤ ቀዳደሽ ጣይው» ይላታል። ሁለተኛው ደግሞ «ማህተም ያረፈበትን ወረቀት መጠርጠር ከመንግሥት መጣላት ነው። ቀደሩ ነው ብለሽ ሰብር አድርጊ» ይላታል። በመጨረሻም ወደ መስጊድ ሄዳ ከዙሁር ሶላት በኋላ «ሸኽ፣ ማንኛቸውን ልመን?» ስትል ትጠይቃለች።

ይህ ምሳሌ ቢሆንም በየከተማችን ለብዙ ሰው እንግዳ የሆነ ነገር አይደለም። ቤት፣ ሱቅ፣ ቀለብ፣ ኒካህ፣ ፍች፣ የየቲም ገንዘብ በአንዲት ወረቀትና በአንዲት ፊርማ ከእጅ ወደ እጅ ሲዛወሩ እናያለን። ስለዚህ ጥያቄው የእህታችን ብቻ አይደለም። ለመሆኑ በዳኛ ፊርማ ላይ ጥያቄ ማንሳት ይፈቀዳልን? የሚፈቀድስ ከሆነ መንገዱ ምንድን ነው? ፊርማውስ እውነተኛ ሆኖ ቢገኝ ነገሩ በዚያ ያበቃልን?

በኛ አስተያየት ሁለቱም ጎረቤቶች ተሳስተዋል። ይህንንም ከኢስላም የፍርድ ታሪክና ከሀገራችን ሕግ እያመሳከርን ለማሳየት እንሞክራለን።

ማረጋገጥ ነውር አይደለም

በመጀመሪያ ደረጃ አንድ ወረቀት ከማን እንደመጣ መጠየቅ አለማመን ወይም ድፍረት ተደርጎ ሊታይ አይገባም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ላይ አመጸኛ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ ምእመናን ሳያረጋግጡ ሰው ጎድተው በኋላ እንዳይጸጸቱ አዟል። በሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ ላይ ደግሞ ስለ ብድር ውል በሰፊው ሲደነግግ ጽሑፍ ብቻውን እንዲቆም አላደረገም። በፍትሕ የሚጽፍ ጸሐፊ እንዲኖር፣ ምስክሮችም እንዲቆሙ፣ ጸሐፊውም ሆነ ምስክሩ እንዳይጎዱ አሳስቧል። ከዚህ የምንረዳው ጽሑፍ ክቡር ነገር መሆኑን፣ ክብሩ የሚጠበቀው ግን ከጀርባው ታማኝ ሰው ሲኖር መሆኑን ነው።

በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወትም ይህንኑ እናገኛለን። ከሑደይቢያ ስምምነት በኋላ ነቢዩ ለዘመኑ ነገሥታት ደብዳቤ ለመላክ ሲያስቡ እነዚህ ነገሥታት ማህተም የሌለበትን ደብዳቤ አይቀበሉም ተባሉ። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት ይህ ሀዲስ በሙስሊም ዘገባ ላይ ከኪስራና ከቀይሰር ጋር የሐበሻውን ነጃሺም ይጠቅሳል። ነቢዩም የብር ቀለበት አሠርተው በላዩ ላይ የመልእክተኛነታቸውን ስም በሦስት መስመር አስቀረጹ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) «እኔን እንዴት ይጠራጠሩኛል?» ብለው አልተቆጡም፤ ተቀባዩ የሚያረጋግጥበትን ምልክት አዘጋጁ እንጂ። ሁለተኛ፣ በዚያ ቀለበት ላይ የተቀረጸውን ሌላ ሰው አስመስሎ እንዳይቀርጽ ከለከሉ። ስለሆነም ማህተም እንዲከበር የሚያዘው ሱና ማህተም እንዳይሰረቅም አስቀድሞ የሚጠነቀቅ ነው። የሚጠረጠር ነገር ባይኖር ኖሮ ክልከላው ባላስፈለገ ነበር።

ማህተም በሐሰት ሲያርፍ

ያ ቀለበት ከነቢዩ በኋላ በአቡበክር፣ ቀጥሎም በዑመር፣ ቀጥሎም በዑስማን (ረ.ዐ.) እጅ ነበር። በዑስማን ዘመን አሪስ በሚባለው የመዲና ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። ሦስት ቀን ተፈልጎም አልተገኘም።

የታሪክ ጸሐፍት እንደሚዘግቡት በ35ኛው ዓመተ ሂጅራ ከግብጽ የመጡ ቅሬታ አቅራቢዎች ከኸሊፋው ጋር ተስማምተው ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ በመንገድ ላይ አንድ ግመለኛ ያገኛሉ። ሲፈትሹት ለግብጹ ገዢ የተጻፈ ደብዳቤ ተገኘበት። ደብዳቤው እነዚሁ ሰዎች እንዲቀጡ ያዛል፤ የዑስማንም ማህተም አርፎበታል። ሰዎቹ በቁጣ ወደ መዲና ተመለሱ።

የዑስማን (ረ.ዐ.) መልስ ምን ነበር? ደብዳቤውን እንዳልጻፉት፣ እንዳላስጻፉትና እንደማያውቁት ገለጹ። በሰው ስም ደብዳቤ ሊጻፍ፣ በማህተም አምሳያም ማህተም ሊቀረጽ እንደሚችል አስረዱ። ከዚያም ጉዳዩ በሸሪዓ መንገድ እንዲታይ ጠየቁ፦ ወይ ሁለት ሙስሊም ምስክሮች አቅርቡብኝ፣ ወይ በአላህ ስም መሐላዬን ተቀበሉኝ ማለታቸው ነበር። የክስ ማስረጃ የሚጠበቀው ከከሳሽ፣ መሐላ የሚጠበቀው ከካጅ ነውና። ሰዎቹ ግን ያንን አልተቀበሉም። ቤታቸውን ከበቡ፤ በመጨረሻም ኸሊፋው በዙልሒጃ ወር ተገደሉ።

ከዚህ አሳዛኝ ታሪክ ሁለት ትምህርት እንወስዳለን። ማህተም ስላለ ብቻ ወረቀቱ የባለማህተሙ ነው ማለት እንደማይቻል የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛውና ከበድ ያለው ግን ጥርጣሬ ማስረጃ አለመሆኑ ነው። ጠርጣሪዎቹ ጥርጣሬያቸውን ወደ ማስረጃ መድረክ ከመውሰድ ይልቅ በእጃቸው ለመፍረድ በመነሣታቸው በኡማው ላይ እስከ ዛሬ የሚሰማ ቁስል ተፈጠረ። እንግዲህ ‹ቀዳደሽ ጣይው› ያለው ጎረቤት ይህንን ቢያስታውስ መልካም ነበር።

ቃዲ ለቃዲ ሲጽፍ

ከዚህ በኋላ የኢስላም ምድር ሰፋ። በኩፋ የተፈረደ ጉዳይ በበስራ ይፈጸማል፤ ባለዕዳው በአንድ ከተማ፣ ንብረቱ በሌላ ከተማ ይሆናል። ስለዚህ አንዱ ቃዲ ለሌላው ቃዲ ደብዳቤ መጻፍ ግድ ሆነበት። የፊቅህ ሊቃውንት ይህንን ጉዳይ «የቃዲ ደብዳቤ ለቃዲ» በሚል ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥተው መርምረውታል። ዋናው ጥያቄያቸውም የእህታችን ጥያቄ ነበር፦ ይህ ጽሑፍ በእርግጥ የቃዲው መሆኑን በምን እናውቃለን?

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ቀላል ነበር። ኢማም ማሊክ እንደሚሉት የቀድሞ ሰዎች የቃዲውን ማህተም ብቻ አይተው ደብዳቤውን ይቀበሉ ነበር። ሰዎች መታማት ሲጀምሩ ግን ሁለት ምስክር መጠየቅ መጣ። ኢማም ቡኻሪም (በ256 ዓ.ሂ. የሞቱ) በሶሒሓቸው የፍርድ ጉዳዮች ክፍል ውስጥ በታተመ ጽሑፍ ላይ ስለመመስከር በጻፉት ርዕስ ሥር በቃዲ ደብዳቤ ላይ ማስረጃ የጠየቁ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች የኩፋው ቃዲ ኢብኑ አቢ ለይላና የበስራው ቃዲ ሰዋር ኢብኑ ዐብደላህ መሆናቸውን ይጠቅሳሉ። ሁለቱም በሁለተኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን የነበሩ ናቸው።

ቡኻሪ እዚያው ላይ ከዚያ ቀደም የነበሩ የበስራና የሌሎችም ቦታዎች ቃዲዎች ምን ያደርጉ እንደነበር ያወሳሉ። ከነዚህም አንዱ በብልህነቱ የታወቀው ኢያስ ኢብኑ ሙዓዊያ ነው። እነዚህ ቃዲዎች ደብዳቤውን ያለ ምስክር ይቀበሉ ነበር። ደብዳቤው የመጣበት ሰው ‹ይህ ሐሰተኛ ነው› ካለ ግን አፉን አያስዘጉትም፤ ወይም ወረቀቱን በቃሉ ብቻ አይጥሉለትም። ሄዶ ከዚህ የሚወጣበትን መንገድ እንዲፈልግ ይነግሩታል። ማለትም ሐሰተኛነቱን የሚያሳይ ነገር ይዞ እንዲመጣ ዕድል ይሰጡታል።

ይህ አሠራር ሚዛናዊ ነው። ወረቀቱ ለጊዜው ይከበራል፤ ተቃዋሚውም ይደመጣል፤ ሸክሙ ግን በተቃዋሚው ላይ ነው።

ቆየት ብሎ መዝሀቦቹ በጥንቃቄ መንገድ ጠበቅ አሉ። የሀነፊ ሊቃውንት ‹ጽሑፍ ከጽሑፍ ይመሳሰላል› በሚለው መርሃቸው ለደብዳቤው ምስክሮች እንዲኖሩ ጠየቁ። በሻፊዒ መዝሀብም ቢሆን የቃዲው ጽሑፍና ማህተም ብቻውን አይበቃም፤ ቃሉ የተነበበላቸውና በይዘቱ የሚመሰክሩ ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ። ሁለቱም መዝሀቦች በሀገራችን ሙስሊሞች ዘንድ በስፋት የሚታወቁ በመሆናቸው ነገሩ ለኛ ሩቅ አይደለም።

ኢማም አቡ ሐኒፋ ደግሞ ከዚህም አልፈው ሄደዋል። አንድ ቃዲ በራሱ መዝገብ ውስጥ በራሱ እጅ የተጻፈ ምስክርነት ቢያገኝ፣ ጉዳዩን ግን ማስታወስ ባይችል፣ በዚያ ጽሑፍ ብቻ መፍረድ የለበትም ብለዋል። ሁለቱ ታላላቅ ተማሪዎቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ግን በዚህ አልተስማሙም። መዝገቡ በቃዲው ጥበቃና በማህተሙ ሥር እስካለ ድረስ ሊሠራበት ይገባል አሉ። አለበለዚያ የሰው ልጅ ረሺ ነውና የብዙ ሰው ሐቅ ይጠፋል።

አንባቢያን ሆይ፣ መምህሩ የቃዲው ሕሊና እንዳይሳሳት ሲሰጉ ተማሪዎቹ የባለሐቁ መብት እንዳይጠፋ ሰጉ። ሁለቱም ስጋቶች እውነተኛ ናቸው።

ከፊርማ ይልቅ መዝገብ

የሁለቱ ተማሪዎች አስተያየት የኋላ ኋላ ሰፊ ቦታ አገኘ። የዑስማኒያ መንግሥት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 በሀነፊ ፊቅህ ላይ ተመሥርተው ባዘጋጁት መጀላ በተባለው የሕግ ስብስብ 1736ኛው አንቀጽ ላይ በጽሑፍና በማህተም ብቻ እንደማይሠራ፣ ከማጭበርበርና ከአስመስሎ ሥራ ጥርጣሬ የጸዳ ከሆነ ግን እንደሚሠራበት ተደንግጓል። 1738ኛው አንቀጽ ደግሞ የፍርድ ቤት መዝገቦች ከብልሽትና ከተንኰል በተጠበቀ ሁኔታ የተያዙ ከሆነ ተቀባይነት እንዳላቸው ይናገራል። 1814ኛው አንቀጽ ቃዲው መዝገብ እንዲያቆም፣ የሚሰጠውን ፍርድና ሰነድ ሁሉ በዚያ እንዲያሰፍር፣ ከሥልጣን ሲነሣም ለተተኪው እንዲያስረክብ ያዛል።

ለምንድን ነው ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው? ፊርማ ብቻውን ያለ መዝገብ ዋጋው ትንሽ መሆኑን ለማሳየት ነው። ወረቀት በኪስ ይዞራል፤ ይፋቃል፤ ይቀዳል፤ ይቀየራል። መዝገቡ ግን በፍርድ ቤት ይቀመጣል። ወረቀቱ እውነቱን የሚያገኘው ከመዝገቡ ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ ያጠራጠረው ሰው ፊርማውን በመነጽር ከሚመረምር መዝገቡን ቢጠይቅ ይሻለዋል።

የእህታችን ወረቀት

አሁን ወደ እህታችን ወረቀት እንመለስ። ‹የማይነበብ የዳኛ ፊርማ አለበት› የሚለው አነጋገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ነገሩ እንዲህ ነው። በሀገራችን ፍርድ ቤቶች ዳኞች የሚፈርሙት በመዝገቡ ውስጥ በሚቀረው ዋናው ውሳኔ ላይ ነው። ለባለጉዳዩ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ግልባጭ ነው። ግልባጩን የሚተይበው ሰው በዋናው ላይ ፊርማ መኖሩን ለመግለጽ ይህንን ሐረግ ያሰፍራል። የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች ታትመው ሲወጡም በመጨረሻቸው ላይ የማይነበብ የአምስት ዳኞች ፊርማ እንዳለ ተጽፎ እናገኛለን። ስለዚህ የዳኛው ፊርማ በግልባጩ ላይ በዓይን አለመታየቱ ብቻውን ወረቀቱን ሐሰተኛ አያደርገውም። ግልባጩ መረጋገጥ ያለበት በፍርድ ቤቱ ማህተምና ትክክለኛ ግልባጭ ነው ብሎ በሚያረጋግጠው የጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በመዝገብ ቁጥሩ ነው።

ሌላው ስህተት አራት የተለያዩ ጥያቄዎችን በአንድ ፊርማ ውስጥ መጨፍለቃችን ነው።

አንደኛው ጥያቄ፣ ወረቀቱ ከፍርድ ቤት ወጥቷል ወይ? የሚለው ነው። ይህ የመዝገብ ጥያቄ ነው፤ መልሱም አዎ ወይም አይደለም ነው።

ሁለተኛው፣ የፈረመው ዳኛ በጉዳዩ ላይ ሥልጣን አለው ወይ? የሚለው ነው። ሊቃውንትም ይህንን ከጽሑፉ እውነተኛነት ለይተው አይተውታል። በሀነፊ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀው አስተያየት ጸሐፊው ቃዲ ደብዳቤው ሳይደርስ ቢሞት ወይም ቢሻር ደብዳቤው ይፈርሳል የሚል ሲሆን የሻፊዒ ሊቃውንት ደግሞ አይፈርስም ይላሉ። በሀገራችንም የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን እንውሰድ። በ1936 ዓ.ም. አዋጅ የናኢባና የቃዲ ፍርድ ቤቶች ተብለው ይታወቁ የነበሩት፣ በፌዴራል ደረጃ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 በመጀመሪያ ደረጃ፣ በከፍተኛና በጠቅላይ ፍርድ ቤትነት የተደራጁት እነዚህ ፍርድ ቤቶች የኒካህ፣ የፍች፣ የቀለብ፣ የአሳዳጊነት፣ የወቅፍ፣ የስጦታና የውርስ ጉዳዮችን የሚያዩት ተከራካሪዎቹ ፈቃደኛ ሲሆኑ ነው። ይህንንም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ34ኛው አንቀጹ መሠረት አድርጎለታል። እንግዲህ ፈቃዷን ያልተጠየቀች እህት ብትኖር የቃዲው ፊርማ እውነተኛ ሆኖ ሳለም የሥልጣን ጥያቄ ልታነሣ ትችላለች።

ሦስተኛው፣ ጉዳዩ የታየው በትክክለኛ ሥርዓት ነው ወይ? የሚለው ነው። ጥሪ ደርሷታል? ቀርባ ተደምጣለች? ምስክሮቹ እነማን ነበሩ?

አራተኛው፣ ፍርዱ ከእውነቱ ጋር ይገጥማል ወይ? የሚለው ነው።

በአብዛኛው ሰው ‹ፊርማው አጠራጠረኝ› ሲል በልቡ ያለው ጥያቄ አራተኛው ነው። ተበድያለሁ ማለቱ ነው። ነገር ግን በደሉን ትቶ ከፊርማው ጋር ሲታገል ጊዜው ያልፍበታል። ፊርማው የዳኛው መሆኑ በተረጋገጠ ጊዜም ክርክሩ ያለቀ መስሎት ተስፋ ይቆርጣል። ዋናው በር ሳይንኳኳ ይቀራል ማለት ነው።

መውጫው መንገድ

የበስራ ቃዲዎች ‹ሂድና መውጫውን ፈልግ› ይሉ እንደነበር አይተናል። የእህታችን መውጫ ምን ሊሆን ይችላል?

መጀመሪያ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የችሎቱን ስም ይዛ በወረቀቱ ላይ ወደተጠቀሰው ፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት ትሂድ። መዝገቡ መኖሩን፣ የወረቀቱ ቃልም ከመዝገቡ ጋር አንድ መሆኑን ትጠይቅ። ወረቀቱን አትቅደድ፤ በላዩም አትጻፍበት። ሐሰተኛ ከሆነ ራሱ ወረቀቱ ማስረጃዋ ነውና። በተንቀሳቃሽ ስልክ ፎቶ ተነሥቶ የተላከላትን ነገርም እንደ ዋና ሰነድ አትቁጠረው። በሀገራችን የኤሌክትሮኒክ ፊርማ በአዋጅ ቁጥር 1072/2010 ሕጋዊ እውቅና አግኝቷል፤ ይሁንና የወረቀት ፎቶ ማለት የኤሌክትሮኒክ ፊርማ ማለት አይደለም።

መዝገቡ ከሌለ ወይም ቃሉ ከተለወጠ ነገሩ የሐሰት ሰነድ ወንጀል ነው። ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ ማመልከት ይገባታል።

መዝገቡ ካለና እርሷ ሳትጠራ የተወሰነ ከሆነ ደግሞ የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ 358ኛው አንቀጽ መንገድ ይሰጣታል። ተከራካሪ መሆን ሲገባት ሳትሆን የቀረች፣ ፍርዱም መብቷን የሚነካባት ሰው ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት መቃወሚያዋን ማቅረብ ትችላለች። ‹ከመፈጸሙ በፊት› የሚለውን ቃል እናስምርበት። ዛሬ ነገ እያሉ መቆየት ይጎዳል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም የወራሽነት ምስክር ወረቀት በፍርድ ቤት እንዲሰረዝ መጠየቅ የሚቻልበትን መንገድ አስቀምጧል።

በክርክሩ ውስጥ ተካፋይ የነበረ ሰው ደግሞ ፍርዱ በሐሰተኛ ሰነድ፣ በሐሰት ምስክርነት ወይም በጉቦ ላይ የቆመ መሆኑን በኋላ ቢደርስበት በዚሁ ሕግ 6ኛው አንቀጽ መሠረት ፍርዱን ለሰጠው ለዚያው ፍርድ ቤት እንደገና እንዲታይ ማመልከት ይችላል። ይህም ነገሩን ካወቀበት ጊዜ አንስቶ በአንድ ወር ውስጥ መሆን አለበት። ሕጉ ራሱ ‹የዳኛ ፊርማ ካረፈ አይጠየቅም› አላለም። ‹በዚህ በር ገብተህ፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ፣ ማስረጃህን ይዘህ ጠይቅ› አለ እንጂ። ከሊቃውንቶቻችን አነጋገር ጋር ምን ያህል ይቀራረባል!

ይህ ሁሉ ሲሆን የሕግ ባለሙያ ማማከር ይገባል። ለባለሙያ የሚከፍሉት የሌላቸውን እህቶችና የቲሞች ደግሞ በየመስጊዱ ያሉ የተማሩ ወንድሞችና እህቶች ማመልከቻ በመጻፍ፣ አብሮ በመሄድ ሊረዷቸው ይገባል። ‹ሰብር አድርጊ› ማለት ቀላል ነው። ሰብር ግን ሐቅን ትቶ መቀመጥ ማለት አይደለም። በሐላል መንገድ ሐቁን የሚፈልግ ሰው በየቀጠሮው ሲመላለስ የሚታገሠው ትዕግሥትም ሰብር ነው።

ወረቀቱን በኪሱ ለያዘው ወንድም

እስካሁን ለእህታችን ተናገርን። ቀሪው ቃል ለወንድሟ ነው።

ወንድሜ ሆይ፣ ወረቀትህ ከፍርድ ቤት የወጣ፣ ፊርማው የዳኛው፣ ማህተሙም ትክክለኛ ነው እንበል። መዝገቡ ተገኝቷል፤ ማንም ሊያፈርሰው አልቻለም። አሁን ቤቱ ሐላል ሆነልህን?

ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሀዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለተከራካሪዎች የነገሩት ነገር ሊያስደነግጠን ይገባል። እርሳቸው ሰው እንደመሆናቸው በሚሰሙት መሠረት እንደሚፈርዱ፣ አንዱ ተከራካሪ ከሌላው ይልቅ ነገር አሳማሪ ሊሆን እንደሚችል፣ በዚያ ምክንያት የወንድሙ ሐቅ የተፈረደለት ሰው ግን የተቆረሰለት ከእሳት የሆነ ቁራጭ መሆኑን አስጠንቅቀዋል። ልብ በል! ይህ የተነገረው ስለ ነቢዩ ችሎት ነው። ከርሳቸው ፊርማ የበለጠ ፊርማ፣ ከርሳቸው ማህተም የበለጠ ማህተም ከየት ይመጣል? እርሱ እንኳ የሌላውን ሐቅ ለወሳጁ ሐላል ካላደረገ የዛሬ ዳኛ ፊርማ እንዴት ሐላል ያደርገዋል?

አላህም በሱረቱል በቀራህ 188ኛው አንቀጽ ላይ የሰዎችን ገንዘብ እያወቁ በበደል ለመብላት ወደ ዳኞች መውሰድን ከልክሏል። በሱረቱ አን-ኒሳእ 7ኛው አንቀጽ ላይ ደግሞ ወላጆችና ዘመዶች ከተዉት ለወንዶችም ለሴቶችም ድርሻ እንዳላቸው፣ ገንዘቡ ቢያንስም ቢበዛም የተወሰነ ድርሻ መሆኑን ደንግጓል። የእህትህን ድርሻ የወሰነው ዳኛው አይደለም፤ አንተም አይደለህ። ‹የፈረመው ዳኛው ነው› የሚለው ቃል በቂያማ ቀን ምላሽ አይሆንም። ዳኛው የፈረመው አንተና ምስክሮችህ በነገራችሁት ላይ ነውና።

ለመስካሪዎችም አንድ ቃል አለን። ‹ሟች ሌላ ልጅ የላቸውም› ብሎ ለወዳጅነት ወይም ለውለታ የመሰከረ ሰው ከዳኛው በፊት በዚያ ወረቀት ላይ የፈረመ እርሱ ነው። የሐሰት ምስክርነት ከታላላቅ ወንጀሎች የሚቆጠር መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ መስጊድ ሄዳ ‹ማንኛቸውን ልመን?› ብላ የጠየቀችው እህት የምታገኘው መልስ ይህ ነው፦ ልጄ፣ ማንኛቸውንም አትመኚ። ወረቀቱን አትቅደጂው፤ ዝም ብለሽም አትቀመጪ። መዝገቡን ጠይቂ፤ የጎደለውን ለይተሽ እወቂ፤ ጊዜው ሳያልፍ በሕግ በር ግቢ። የዳኛው ፊርማ አማና ነው። ክብሩ እውነት ሲረጋገጥ ይጠበቃል እንጂ ጥያቄ ስለተነሣበት አይወድቅም። የተፈረደበት ሰው ማስረጃ እስኪያቀርብ ትዕዛዙን ያክብር፤ የተፈረደለትም ሰው በወረቀቱ ከመደሰቱ በፊት ልቡን ይጠይቅ።

በምድር ላይ ያለ መዝገብ ሊጠፋ፣ ሊፋቅ፣ ሊሳሳትም ይችላል። የማይፋቀው መዝገብ የሚከፈትበት ቀን አለ። ያን ቀን የሚያሳፍር ወረቀት በቤቱ ያስቀመጠ ሁሉ ዛሬውኑ ወደ ባለሐቁ ደጅ ይሂድ።

አላህ ሐቅን ሐቅ አድርጎ ያሳየን፣ እርሱንም ለመከተል ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።